ኮምፒዩተሩ የሚለንን እናንብብ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ሥነ ምግባር ነው። ዘንድሮ ግን በኮምፒዩተር ክፍላችን ስለሚሰጥ አንድ ትምህርት ለመጻፍ ወሰንን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎቻችን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ጀምረዋል፤ ብዙዎቹም ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊሞክሩት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትክክለኛውን አሠራር በጽሑፍ ቢያገኙት ይጠቅማቸዋል። ሁለተኛው፣ በዚሁ ክፍል ጉዳይ እኛ ራሳችን ስለ ተሳሳትን ነው። እሱንም በቦታው እናነሣዋለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዞቹን በፊደላችን ያሰፈርናቸው እንደሚነበቡት ድምፅ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው። ተማሪዎች አጻጻፋቸው በደብተራችሁ ስላለ እያመሳከራችሁ አንብቡ።

ኡቡንቱ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣው፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን አስተባብሮ የሚያሠራው ዋና ሶፍትዌር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዊንዶውስን ነው። በክፍላችን ያሉት 18 ኮምፒዩተሮች ግን የሚሠሩት በኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ ክፍት ምንጭ ከሚባሉት ወገን ነው፤ የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጭነው፣ ውስጡን ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለጎረቤቱ ሊሰጠው ይችላል።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ የሲስተሙን እምብርት ሊኑክስን ጽፎ ለሕዝብ ለቀቀ። በ1993 በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዴቢያን ተጀመረ። ኡቡንቱ ደግሞ በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ በኦክቶበር 2004 ወጣ፤ ያስጀመረውም ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ስሙ ከደቡባዊ አፍሪካ የባንቱ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰውነትን፣ ለሌላው ሰው ማሰብን ያመለክታል። እዚህ ናይሮቢ ያደጉ ልጆቻችን በስዋሂሊ «ኡቱ» የሚሉት ቃል የዚሁ ዘመድ ነው።

የእትሙ ቁጥር የወጣበትን ዓመትና ወር ይነግራል። 24.04 ማለት በ2024 በ4ኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም ለ5 ዓመት የጥገናና የደኅንነት ማሻሻያ ስለሚያገኝ ለትምህርት ቤት የሚስማማው እሱ ነው።

እኛ ወደዚህ የገባነው በፍልስፍና ተስበን አይደለም። ኮምፒዩተሮቻችን ሰዎች ተጠቅመውባቸው የለገሱን አሮጌዎች ናቸው። በየፍላሽ ዲስኩ የሚመጣው ቫይረስ አስቸግሮን ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃም አብዛኞቹ ማሽኖቻችን ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን አያሟሉም ነበር። ጥለናቸው አዲስ እንዳንገዛ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ኡቡንቱን መረጥን።

ሶፍትዌር ከየት ይመጣል?

በዊንዶውስ የለመደ ሰው ፕሮግራም ሲፈልግ ከኢንተርኔት ያገኘውን ፋይል አውርዶ ይጭናል። በኡቡንቱ የመጀመሪያው መንገድ ይህ አይደለም። የትምህርት ቤታችንን ንብረት ክፍል አስቡት። መምህሩ ፕሮጀክተር ሲፈልግ ገበያ አይሮጥም፤ ንብረት ክፍል ሄዶ ይጠይቃል። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ መዝገብ አላት፤ ፕሮጀክተሩን ስትሰጥ ገመዱንም አብራ ትሰጣለች፤ ምን እንደወጣም ትመዘግባለች።

በኡቡንቱ ይህን ሥራ የሚሠራው «አፕት» የተባለው መሣሪያ ነው። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ያለው እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፓኬጅ ይባላል። አንድ ፓኬጅ ስትጠይቁት ለሥራው የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች አብሮ ያመጣል። አንዱ በሌላው ላይ የሚደገፍ ስለ ሆነ፣ አንዱን ስታስወጡ በእሱ ላይ የተደገፉት አብረው ይወጣሉ። ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አስምሩበት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አጫጫኑ በቅደም ተከተል

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ኢንተርኔቱ መሥራቱን፣ በዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩን፣ የኮምፒዩተሩ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን። ከዚያ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭናችሁ ተርሚናሉን ክፈቱ። ተርሚናል ለኮምፒዩተሩ በጽሑፍ ትእዛዝ የምንሰጥበት መስኮት ነው።

አንደኛ፣ «ሱዱ አፕት አፕዴት» ብላችሁ ጻፉ። «ሱዱ» ማለት ይህን ትእዛዝ በኃላፊ ሥልጣን ፈጽም ማለት ነው፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እኛ በምንጠቀምበት እትም የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ በስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም። ብዙ ተማሪ ኪቦርዱ ተበላሸ ብሎ ይጮኻል። አልተበላሸም፤ ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ። ይህ ትእዛዝ ምንም ፕሮግራም አይጭንም፤ የግምጃ ቤቱን መዝገብ ብቻ ያድሳል። የሚወጡትን መስመሮች መጀመሪያ ተመልከቱ። «ሂት» የሚለው መዝገቡ አልተለወጠም ማለት ነው፤ «ጌት» የሚለው አዲሱን እያመጣ ነው፤ «ኧር» የሚለው ግን አንድ ነገር አልተሳካም ማለት ስለ ሆነ ቆም ብላችሁ ቀጥሎ የተጻፈውን አንብቡ።

ሁለተኛ፣ የምትፈልጉትን ጠይቁ። ፓይተን 3 ከኡቡንቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለ ሆነ እሱን መጫን አያስፈልግም። እኛ የምንጨምረው ሁለት ነገር ነው፦ «ፓይተን 3 ሰረዝ ቬንቭ» የተባለውን ፓኬጅና «ቶኒ» የተባለውን ለጀማሪ የሚስማማ የኮድ መጻፊያ። ቶኒ በኢስቶኒያ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ትእዛዙ «ሱዱ አፕት ኢንስቶል» ብሎ ይጀምርና የሁለቱን ፓኬጆች ስም በክፍተት ለይቶ ይጨርሳል።

ሦስተኛ፣ አንብቡ። አፕት ከመሥራቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ዘርዝሮ ይነግራችኋል። በመጨረሻም ስንት ፓኬጅ እንደሚያሻሽል፣ ስንት አዲስ እንደሚጭን፣ ስንት እንደሚያስወግድ በአንድ መስመር ያሳያል። ከዚያ ልቀጥል ወይ ብሎ «ዋይ» ወይም «ኤን» እንድትሉ ይጠይቃል። የክፍላችን የመጀመሪያ ደንብ እዚህ ላይ ነው፦ የሚወገደው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡና መምህሩን ጥሩ።

አራተኛ፣ ውጤቱን ፈትሹ። «ፓይተን 3 ሰረዝ ሰረዝ ቨርዥን» ስትሉ የእትሙን ቁጥር ከመለሰላችሁ ዝግጁ ናችሁ። ቶኒን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጻፉ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስላለ ፓይተን 3 አማርኛን ያለ ችግር ይቀበላል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ሰጥታችሁ ስንት ፊደል ነው ብትሉት 3 ብሎ ይመልሳል። ለተለዋዋጮቻችሁም «ስም»፣ «ዕድሜ»፣ «ውጤት» ብላችሁ በአማርኛ ስም ማውጣት ትችላላችሁ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ባየች ጊዜ «ቲቸር፣ አማርኛ ይገባዋል እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አማርኛ አይገባውም፤ ፊደላችንን ግን ያውቃል።

የእኛ ስህተት

አሁን ወደ ገባነው ቃል እንመለስ። ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን ዝግጅት ላይ ሳለን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራበት ፕሮግራም ከፍ ያለ የፓይተን እትም ፈለገበት። ልጁ አዲሱን ለመጫን መጀመሪያ አሮጌውን ማስወገድ ያስፈልጋል ብሎ አሰበ። በዊንዶውስ የለመደው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ፓይተን 3ን አስወግድ ብሎ አዘዘ። ኮምፒዩተሩ ረጅም ዝርዝር አወጣና ልቀጥል ወይ አለው። ልጁ ዝርዝሩን ሳያነብ «ዋይ» ብሎ ኢንተርን ተጫነ።

ችግሩ ይህ ነው፤ በኡቡንቱ ውስጥ ፓይተን የተማሪ መለማመጃ ብቻ አይደለም። ብዙ የሲስተሙ ክፍሎች የተጻፉት በእሱ ነው። እሱ ሲወጣ የተደገፉበት ሁሉ ተከትለውት ወጡ። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ምስልም መስኮትም የለውም፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

በዚያው ዲስክ ላይ የአራት ተማሪዎች የዝግጅት ሥራ ነበረ። እኛም ተናደድን። በማግስቱ ጠዋት በሰልፍ ላይ የልጁን ስም ጠርተን የትምህርት ቤት ንብረት አበላሽቷል አልን፤ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻም ወደ ኮምፒዩተር ክፍል እንዳይገባ ከለከልነው። ወላጅ አምጣ ተባለ። ከውጭ ያነጋገርነው አንድ ጠጋኝ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደገና መጫን አለበት ስላለን ማሽኑን ጥግ ላይ አስቀመጥነው።

እናቱ ከሥራ አስፈቅደው መጡ። ወንበር ላይ እንኳ ሳይደገፉ የማሽኑን ዋጋ ጠየቁን፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችሉ በየወሩ እንዲከፍሉ ለመኑን። ከዚያ ሊሄዱ ተነሥተው «ዳይሬክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ። «ልጄ የነካው አትንካ የተባለውን ነው ወይስ ገና ያላስተማራችሁትን?»

መልስ አልነበረንም። እንጠይቅና እንነግርዎታለን ብለን ሸኘናቸው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄድን። የኃላፊው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፍነው እኛ ነን፣ መምህሩ በሌለበት ሰዓት ሥራ እንዳይቆም ብለን። ስለ ማስወገድ ትእዛዝ የተሰጠ ትምህርት አልነበረም። ደንብም አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ክፍሉን ለዝግጅቱ እናድርስ ብለን በጥድፊያ አቁመነው ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የኮምፒዩተር መምህራችንንና ልጁን አንድ ላይ በማሽኑ ፊት አስቀመጥናቸው፤ እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። መምህሩ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የአፕትን የታሪክ መዝገብ ከፈተ። አፕት የሠራውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ይመዘግባል። የታዘዘው ትእዛዝ፣ የወጡት ፓኬጆች ስም ዝርዝር፣ ሁሉም እዚያ ነበረ። ፋይል የጠፋ ግን አልነበረም፤ የተማሪዎቹ ሥራ በየማህደሩ በቦታው አለ። አፕት ራሱ በፓይተን ላይ ስላልተደገፈ አሁንም ይሠራል። የኢንተርኔት ገመድ ሰክተው «ሱዱ አፕት ኢንስቶል ኡቡንቱ ሰረዝ ዴስክቶፕ» አሉት። አፕት የጎደሉትን ፓኬጆች እየለቀመ መለሰ። ቀሪውን ከመዝገቡ እያዩ ጨመሩ። ከመጨለሙ በፊት ኮምፒዩተሩ ተነሣ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጁን ከትምህርት፣ እናቱንም ከእንቅልፍ ያገድንበት ጉዳይ፣ የተጻፈውን ቁጭ ብሎ በማንበብ በአንድ ከሰዓት ተፈታ። ልጁ ሳያነብ «ዋይ» አለ፤ እኛም ሳናነብ ፈረድን። በሚቀጥለው ሰኞ በዚያው ሰልፍ ላይ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቅነው። እናቱንም ደውለን ምንም ዕዳ እንደሌለባቸው ነገርናቸው። ልጁ ዛሬ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለዚያ ዝርዝር የሚያስረዳው እሱ ራሱ ነው።

ብዙ የሚያጋጥሙ የስህተት መልእክቶች

ከዚያ ወዲህ በክፍሉ የሚያጋጥመንን ስህተት ሁሉ በአንድ ደብተር እንመዘግባለን። ብዙ ጊዜ የሚመላለሱት እነዚህ ናቸው።

«አኔብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ»፦ የጠየቃችሁትን ፓኬጅ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ዘጠና በመቶ ብለን ባንገምትም በክፍላችን አብዛኛው የፊደል ግድፈት ነው፤ የቶኒ ስም በሁለት «ኤን» ሲጻፍ ተማሪዎች በአንድ ይጽፉታል። ፊደሉ ትክክል ከሆነ መዝገቡን ለማደስ «አፕዴት»ን ድገሙ።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ»፦ ሌላ ሥራ ግምጃ ቤቱን ይዞታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ኡቡንቱ ራሱ የደኅንነት ማሻሻያ እየጫነ ነው። መፍትሔው መጠበቅ ነው። የቁልፉን ፋይል አጥፉት የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ፤ በር ተቆልፎ ዕቃ በሚቆጠርበት ሰዓት በሩን እንደ መስበር ነው።

«ዲፒኬጂ ዎዝ ኢንተረፕትድ»፦ ጭነቱ በመሃል ተቋርጧል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ እንግዳ አይደለም። ደስ የሚለው ግን መልእክቱ መድኃኒቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምን ብላችሁ መጻፍ እንዳለባችሁ እዚያው ይነግራችኋል። «ሱዱ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ብላችሁ የቀረውን ሥራ አስጨርሱት።

«ኖት ቫሊድ የት»፦ የመዝገቡ ጊዜ ገና አልደረሰም ይላል። መጀመሪያ ሲያጋጥመን ግራ ገባን። ኋላ ቀኑን ስናይ ኮምፒዩተሩ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። በአሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ ሳንቲም የምታህል ሲአር 2032 የምትባል ባትሪ አለች። እሷ ስትሞት ኮምፒዩተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፤ ከዛሬ የተጻፈ መዝገብ ሲመጣለት ከወደፊት የመጣ ይመስለዋል። ድረ ገጾችም አስተማማኝ አይደሉም ይለናል። ማሽኑ ተበላሽቷል ብለን ለይተን ካስቀመጥናቸው ሦስት ኮምፒዩተሮች ውስጥ ሁለቱ የባትሪ ለውጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው።

«ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ»፦ ዲስኩ ሞልቷል። «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ብትሉ የቱ ክፍል ስንት እንደቀረው ያሳያችኋል። «ሱዱ አፕት ክሊን» ቀድሞ የወረዱ የመጫኛ ፋይሎችን ያጸዳል፤ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ግን አይነካም።

«ፐርሚሽን ዲናይድ»፦ ለዚህ ፋይል ፈቃድ የላችሁም። ተማሪዎች ወዲያው ከፊቱ «ሱዱ» ይጨምራሉ። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ የማን እንደ ሆነ ጠይቁ። በራሳችሁ ማህደር ውስጥ ለምትሠሩት ሥራ የኃላፊ ሥልጣን አያስፈልግም።

«ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት»፦ ይህ በአዳዲሶቹ እትሞች፣ ከእነሱም በ24.04፣ ያለ ነው። ተጨማሪ የፓይተን መሣሪያ «ፒፕ» በተባለው ትእዛዝ በቀጥታ ሲስተሙ ላይ ልትጭኑ ስትሉ ይከለክላችኋል። ባለፈው ዓመት የደረሰብንን ካስታወሳችሁ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሲስተሙን ፓይተን ከእናንተ መለማመጃ ሊለይ ነው። የክልከላውን መልእክት እስከ ታች ብታነቡት መንገዱን ያሳያችኋል። ክልከላውን የሚያልፍ አንድ አማራጭ አለ፤ ስሙ ግን «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ማለት ነው። ስሙ ይህን ያህል ከነገራችሁ አትጠቀሙበት።

ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ክፍል መሥራት ነው። «ፓይተን 3 ሰረዝ ኤም ቬንቭ» ብላችሁ ለክፍሉ ስም ስትሰጡት አዲስ ማህደር ይፈጠራል። በውስጡ ያለውን «አክቲቬት» የተባለ ፋይል «ሶርስ» በሚለው ትእዛዝ ስታስነሡት የክፍሉ ስም በቅንፍ ውስጥ ከመስመሩ ፊት ይታያል። ከዚያ በኋላ በፒፕ የምትጭኑት ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ቢበላሽ ያን ማህደር ብቻ አጥፍታችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ፤ ኮምፒዩተሩ ምንም አይሆንም።

እርዳታ እንዴት እንጠይቅ?

ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል ይባላል። ነገር ግን አጠያየቅም ይማሩታል። «ቲቸር፣ አልሠራም አለ» የሚል ጥያቄ መምህሩን አይረዳውም። በክፍላችን አሁን ተማሪው ሦስት ነገር በወረቀት ጽፎ ይመጣል፦ ምን አዘዝኩ? ምን ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ? ኮምፒዩተሩ ምን አለ? ሦስተኛውን መልስ ሳያሳጥር ቃል በቃል ይገለብጣል። የሚገርመው፣ ብዙ ተማሪ ሦስተኛውን እየገለበጠ ሳለ መልሱን ራሱ አግኝቶ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

እንግሊዝኛው ለከበዳችሁ ታናናሾች አንድ ምክር አለን። የማታውቁትን ቃል አትዝለሉት፤ መዝገበ ቃላት አውጡ። በአንድ ወሰነ ትምህርት ከስህተት መልእክት ብቻ ብዙ አዲስ ቃል የያዙ ልጆች አሉን።

ለወላጆች

ልጃችሁ ቤት ያለውን ኮምፒዩተር ወደ ኡቡንቱ ልለውጥ ሲላችሁ አትከልክሉት፤ ዝም ብላችሁም አትፍቀዱለት። አራት ነገር ጠይቁት።

መጀመሪያ፣ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ በሌላ ዲስክ ገልብጠሃል ወይ? ከመጫኛው ምርጫዎች አንዱ ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋ ነው፤ ያ አንዴ ከተፈቀደ የሠርግ ፎቶም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ሳትጭነው ሞክረኸዋል ወይ? ኡቡንቱን ከፍላሽ ዲስክ አስነሥቶ ዲስኩን ሳይነኩ መሞከር ይቻላል፤ ድምፁ፣ ዋይፋዩና ካሜራው መሥራታቸው እዚያው ይታያል። ሦስተኛ፣ ማሽኑ ይችለዋል ወይ? ለ24.04 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይመከራል፤ ከዚያ ላነሰ ማሽን ሉቡንቱ የተባለው ቀለል ያለ ወንድሙ አለ። አራተኛ፣ በዚህ ኮምፒዩተር ሌላ ሰው የሚሠራበት ፕሮግራም አለ ወይ? የአባት የሂሳብ ሥራ በዊንዶውስ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ማሽን ይፈለግ።

እነዚህን የመለሰ ልጅ ይሞክር። ቢሳሳትም አትቆጡት፤ አጠገቡ ተቀመጡና በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ኮምፒዩተር የማታውቁ ብትሆኑም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። እኛም ከሃምሳ ዓመታችን በኋላ የጀመርነው ከዚህ ነው።

በክፍሉ የተለወጠው

የይለፍ ቃሉ ከግድግዳው ተነሥቷል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መለያ ስም አለው፤ በኃላፊ ሥልጣን የሚታዘዘው መምህሩ ባለበት ነው። ዓርብ ከሰዓት የሁሉም ሥራ በሌላ ዲስክ ይገለበጣል። በአንድ ጥግ ላይ ደግሞ «መስበር የሚፈቀድበት» ብለን የሰየምነው ኮምፒዩተር አለ። እዚያ ላይ ተማሪ የፈለገውን ያስወግዳል፣ ያበላሻል፤ ግዴታው ያበላሸውን ራሱ መጠገንና ያደረገውን በደብተሩ መጻፍ ብቻ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ፓይተንን ሆን ብለው አስወግደው ዴስክቶፑን የመመለስ ልምምድ እዚያው ይሠራሉ።

በቢሯችንም አንድ ነገር ተለውጧል። ተማሪ ጥፋት አጠፋ ተብሎ ሲመጣ፣ ከመቅጣታችን በፊት እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቀዋለን፦ ምን አደረግህ? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? ምን ሆነ? ጥፋት ሆኖ የሚገኝ አለ፤ ይቀጣል። ያላስተማርነው ሆኖ የሚገኝም አለ፤ እሱን እናስተምራለን።

ዘንድሮ ለምትመረቁ ተማሪዎቻችን መልካም መንገድ እንመኛለን። ለቀራችሁትም መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ። በመጪው ዓመት ስትመለሱ የስህተት ደብተራችን ብዙ ባዶ ገጽ አለው።